ፖርሽኑ አለቀ፤ ልጁስ ምን ያዘ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። መምህር የሆናችሁ፣ ቤታችሁ ማትሪክ የሚጠብቅ ልጅ ያለ፣ ወይም “ይህ ትውልድ ምን ነካው?” ብላችሁ የምትጠይቁ ታገሱኝና አብረን እንየው።

“አእምሮን መሠረት ያደረገ ትምህርት” የሚለው ሐረግ እኛም ዘንድ ደርሷል። ለዘገባ በተገኘሁበት አንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ለሁለት የተከፈለ አንጎል በስክሪኑ ላይ አሳየን፤ ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ቀይ። ግራው የሒሳብና የሳይንስ፣ ቀኙ የሥዕልና የሙዚቃ ነው አለ። ቀጠለና “ተማሪዎቻችሁን በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእጁ የሚማር ብላችሁ ለዩ” አለ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሸበቶ የፊዚክስ መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ እኔ አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ አለኝ። ጆሮና ዓይን ስለይ ክፍለ ጊዜው አያልቅም?” አሉኝ።

የእሳቸው ጥያቄ የጊዜ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የተባለው ነገር እውነት አለመሆኑ ነው። ቋንቋን የመሰለ አንዳንድ ሥራ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ወደ ግራው የአንጎል ክፍል ያደላል፤ ነገር ግን ሰው የሚያስበው በሁለቱም ነው፤ “የቀኝ አንጎል ተማሪ” የሚባል ፍጡር የለም። በዓይንና በጆሮ የሚለውንም እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች አገላብጠው፣ ልጅን “በራሱ ስልት” ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። በነገራችን ላይ አሠልጣኛችን ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት የእንግሊዝና የኔዘርላንድስ መምህራን ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ይህንኑ ተረት አምነውት ተገኝተዋል። ሀብታሙም አገር ይሸወዳል። ልዩነቱ፣ እነሱ ተረቱን ቢያምኑም መጽሐፍና ላብራቶሪ አላቸው። እኛ ከተረቱ ሌላ ብዙም የለን።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ መማርና መርሳት በእውነት የታወቀ ነገር አለ፤ ርካሽ ነው፤ ፕሮጀክተርም አይፈልግም።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ማለትም ደርቡሽ ጎንደርን ከማቃጠሉ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ራሱን ፈትኖ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ያጠናል፤ ከሰዓታት፣ ከቀናት በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረ ይለካል። ያገኘው ውጤት እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ያጠናነው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይበናል፤ በተለያየ ቀን ከፋፍሎ መመለስ ደግሞ በአንድ ቁጭታ ከመደጋገም ይበልጣል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳዩት ደግሞ ለእኛ አገር ተማሪ የተሠራ ይመስላል። አንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ሌላውን አንድ ጊዜ አስነበቡና ወረቀቱን ነጥቀው “ያስታወስከውን ጻፍ” አሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲቀራቸው፣ ከራሳቸው ያወጡት 56 በመቶ ያዙ።

ይህን ቁጥር ሳይ የፈተና ዋዜማ ሌሊታችን ነው ትዝ ያለኝ። ሾርት ኖት ይዘን በመንገድ መብራት ሥር ወዲያ ወዲህ እያልን የምናነበንበው። ጠዋት ፈተናው ላይ ይሠራል፤ አምስት ደቂቃውን እናሸንፋለን። ሳምንቱን እንሸነፋለን።

ሦስተኛው ነገር ስለ አእምሮ ጥበት ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያገላብጠው አዲስ ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች አራት ገደማ ይላሉ። ያ ጠባብ ቦታ ሲሞላ ተጨማሪው ይፈሳል። አዲሱ ነገር ቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ጋር ከታሰረ ግን ቦታ አይፈጅም። እንግዲህ የእኛን ልጅ አስቡት። እስከ መጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት መጨረሻ በአፉ ቋንቋ ተምሮ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከአራቱ መቀመጫ ሦስቱን የእንግሊዝኛው ቃል ይዞበት፣ ሳይንሱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ በሳተላይት ትምህርት ሲተላለፍ፣ እኔ በ1998 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት በፈጣን እንግሊዝኛ ስለ ሴል ታስረዳለች። ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች። ከዚያ “ቬሪ ጉድ!” ትለናለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። መምህራችን በር ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። መብራት የጠፋ ቀን መምህሩ ጠመኔ ያነሳና በአማርኛ ቀላቅሎ ያስረዳናል። ሚቶኮንድሪያ ምን እንደሚሠራ የገባኝ መብራት በጠፋበት ቀን ነው።

ፕላዝማውን የሚያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር የልጁን ፊት ማየት አይችልም ነበር። ልጁ የት ጋ እንደጠፋ የሚያውቀው ፊቱን የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጥቷል፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ 7ኛና 8ኛ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ ገብቷል። ውጤቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ ኩረጃው ሲጠብ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ ሁሉ የማስተማር ዘዴ ጥፋት ነው አልልም። ጦርነት አለበት፣ ረሃብ አለበት፣ የመጽሐፍ እጥረት አለበት፣ የመምህሩ ደመወዝ አለበት። ግን ከመቶ 97 ልጅ 12 ዓመት ተቀምጦ ግማሽ ካላገኘ፣ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው የሚለው መልስ አይበቃኝም።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። የእህቴ ልጅ ከደባት ገጠር መጥታ ቁስቋም እኔ ጋ ሆና ነው የምትማረው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ 4ኛ ክፍል ነበረች። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልላችን ግጭት። 2016ን ሙሉ ከብት ስትጠብቅ፣ ውኃ ስትቀዳ ዋለች። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ እሷ ከዕድለኞቹ ናት።

አንድ እሑድ ባቄላ ንፍሮ ጥደን “ጋሼ፣ እዚህ ቶሎ ይበስላል፤ እኛ አገር ግን ሲንተከተክ ነው የሚውለው” አለችኝ። ለምን ይመስልሻል አልኳት። “ደጋ ነዋ፤ ብርድ ነው፤ እሳቱ ይደክማል” አለች። ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ጠየቅኋት። ወዲያው በእንግሊዝኛ ጀመረችው፤ ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳትሰናከል “ዘ ቦይሊንግ ፖይንት ኦፍ ዋተር” ብላ 100 ላይ አሳረፈችው።

ጓደኛዬ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ከእሱ የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከሰል ምድጃ ላይ ድስት ጣድን። ውኃው ፈላ፣ ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ደርሶ ቆመ። ከሰሉን ጨመርን፤ አራገብን፤ 93። ልጅቱ ቴርሞሜትሩን አወጣችው፣ በነጠላዋ ጠረገችው፣ መልሳ ከተተችው። 93።

“ተበላሽቷል” አለች።

ይህን ቃል ብዙ ቀን አሰብኩበት። በዓይኗ ያየችው ውኃ አለ፤ በእጇ የያዘችው መሣሪያ አለ፤ መጽሐፉ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ። ከሦስቱ የተጠራጠረችው መሣሪያውን ነው። ሳይንስ ተምራ ነው እንዲህ የሆነችው፤ ባትማር ኖሮ ያየችውን ታምን ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ከላያችን ያለው አየር ውኃውን ይጫነዋል። መጽሐፉ 100 የሚለው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ውኃ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከላይ ያለው አየር አነስ ስለሚል ጫናው ይቀንሳል፤ ውኃው 93 ገደማ ላይ ሲደርስ ይፈላል። ደባት ወደ 2,600 ሜትር ነው፤ እዚያ 91 አካባቢ። ባቄላውን የሚያበስለው መንተክተኩ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። የደባት ውኃ ቶሎ ይፈላል ግን ያን ያህል አይሞቅም፤ ስለዚህ ንፍሮው ይዘገያል። እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ለምን እንደሚያፈጥንም በዚያው ይታወቃል። ብርዱ ምክንያት እንዳልሆነ ለማወቅ ደግሞ ምድጃውን ውጭ አውጥተን በማለዳ ብርድ ደገምነው። 93።

ልብ በሉ፤ ልጅቱ ባዶ አልነበረችም። “ብርድ ነው” የሚል የራሷ ማብራሪያ ነበራት፤ ያውም ደህና የታሰበበት። ትምህርት ቤት ግን ስለ ንፍሮ ጠይቋት አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ እውቀት አእምሮዋ ውስጥ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ የእናቷ ጓዳ፣ ሌላው የፈተና ወረቀት። እርሾ ካልገባ ሊጡ እንደማይቦካ በእጇ ታውቃለች፤ ፈርመንቴሽን የሚለውን ደግሞ በቃሏ ታውቃለች። አንድ መሆናቸውን የነገራት የለም። ስለ አእምሮ የታወቀው ነገር አንድ መስመር ብቻ ቢሆን ይህ ይመስለኛል፤ አዲስ ነገር የሚጣበቀው ቀድሞ ባለው ላይ ነው፤ ያለውን ሳይጠይቁ ማስተማር ያልታረሰ መሬት ላይ ዘር መበተን ነው።

እዚህ ላይ “ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሰፈሬ ቁስቋም እኮ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ደብር ሥር ነው የምኖረው። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት፤ ያደግሁትም የቆሎ ተማሪ ድምፅ እየሰማሁ ነው። ንባብ ቤት ያለ ልጅ አንዱን ጽሑፍ በቁጥር፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ በየጊዜው ይመለስበታል። ማታ የቃል ትምህርቱን በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ታላቁ ታናሹን ያስተምራል። ኤቢንግሃውስ ቢያያቸው ማስታወሻውን የሚያወጣ ይመስለኛል።

ቅኔ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ መቁጠር አለበት። የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ዋጋ የለውም። ቀን ለብቻው ጥግ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ሲመሽ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል። የተሳተው እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ነገ ሌላ ይቆጥራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ “ከአሥር ስንት አገኘህ?” የለም።

ማሞገስ ብቻ እንዳይሆን፣ አለንጋውን አልረሳሁትም። ትርጉሙን ሳያውቅ በግእዝ 150 መዝሙር የሚወጣውን ሕፃንም አልረሳሁትም። ግን ልብ ብዬ ሳየው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይዘን የመጣነው ንባብ ቤቱን ነው፤ ያውም ድግግሞሹን አውልቀን። ቅኔ ቤቱን እዚያው ደብሩ ሥር ትተነው መጣን። የፊዚክስ ተማሪ የራሱን ጥያቄ ቆጥሮ፣ የራሱን ግምት ተናግሮ፣ ተስቶ፣ ታርሞ አያውቅም። የሚያውቀው የመምህሩን ኖት መልሶ ለመምህሩ መስጠት ነው።

“ተከታታይ ምዘና አለን እኮ” ትሉኝ ይሆናል። አለን። ግን ምን ሆነ? ከ5 ኩዊዝ፣ ከ10 አሳይመንት፣ ከ15 ሚድ እየተባለ ማርክ መሰብሰቢያ ሆነ። ሁሉም ነገር ከተቆጠረ ልጁ መሳሳት አይችልም፤ መሳሳት ካልቻለ ይኮርጃል። ከራስ ማውጣት የሚጠቅመው ስህተቱ ዋጋ ሳያስከፍል ሲታረም ነው። ቅኔ ቤቱ ይህን ያውቀዋል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የሚመለሱት ልጆች ጉዳይ ነው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያመለጠው ልጅ ክፍል ሲገባ፣ የሁላችንም ደመ ነፍስ አንድ ነው፤ ማካካሻ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ፖርሽኑን መጨረስ። የሁለት ሴሚስተሩን በአንድ። ከላይ ያልኳችሁ ነገር እውነት ከሆነ ይህ ጉዳት ነው። የሚበዛው በመጀመሪያው ቀን የሚበን ከሆነ፣ አእምሮ በአንድ ጊዜ አራት ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ አዲሱ በድሮው ላይ የሚጣበቅ ከሆነና ድሮው ደግሞ ከጎደለ፣ ማፍጠን ማለት በተቀደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተው የመጡ ናቸው። የረዘመ ፍርሃት ትኩረትን ይበላል፤ ያንኑ ጠባብ ቦታ ያጣብባል። የእህቴ ልጅ በር ጠንከር ብሎ ሲዘጋ እስክሪብቶዋ ከእጇ ይወድቃል። ለእሷ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ብታነቡላት ምን ትይዛለች?

የምለው ቀንሱ ነው። ከ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ውስጥ ያለ እሱ ሌላው የማይገባውን ለዩ፤ ያን በደንብ፣ በአማርኛም ጭምር አስረዱ፤ በሳምንቱ ተመለሱበት፤ በወሩ ተመለሱበት፤ የቀረውን ዘንድሮ ተዉት። መምህሩ በግሉ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ለዚያው የኬሚስትሪ ጓደኛዬ ስነግረው “ምዕራፍ 4ን ትቼ ፈተናው ከምዕራፍ 4 ቢመጣ ልጆቹ የሚረግሙት አንተን አይደለም፣ እኔን ነው” አለኝ። እውነቱን ነው። ፈተና የሚያወጣው አካል ግጭት ውስጥ ላለፉ አካባቢዎች ልጆች የትኞቹ ምዕራፎች ዋና እንደሆኑ በዓመቱ መጀመሪያ ለይቶ ካልተናገረ፣ መምህሩ መሮጡን አይተውም። ይህ ውሳኔ ብር አይፈልግም፤ ፊርማ ነው የሚፈልገው።

ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር ጀምሯል። በየክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ደብተር ዝግ ነው። ሦስት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ይጽፋሉ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ይተያያሉ፣ መልሱን በአማርኛ አብረው ያወጡና በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ “ቲቸር፣ ከስንት ነው የሚያዘው?” ብሎ ጠየቀ። አይያዝም ሲላቸው ግማሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚጽፉት በዙ። ስለ ንፍሮው ነግሬው ስለነበር ያንንም ጠይቋቸዋል፤ “ብርድ ነው” ያሉት 41 ናቸው።

አሁን ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። እሱ ምዕራፍ 2 ላይ ነው፤ ሌላው ሴክሽን ምዕራፍ 4ን ጀምሯል። ትናንት ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠርተውታል።